የኢራታ በቅሎ

ኑ፣ ቀረብ ቀረብ በሉ። የምተርክላችሁ የአንዲት በቅሎ ታሪክ ነው። ሣር ግጣ አታውቅም፤ ገብስም ቆርጥማ አታውቅም። የተወለደችው በአሜሪካ፣ አርካንሶ በሚባለው ግዛት፣ በሊትል ሮክ ከተማ ነው። የሠራችው ግን ኢራታ በምትባል፣ ከምድር እጅግ በራቀች ፕላኔት ላይ ነው። ዘመኑ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር 1983 ነበር፤ ከዚህ ወዲያ የምጠራቸውንም ዓመታት በዚያው አቆጣጠር ያዙልኝ።

ሰው በሕዋ ላይ ከተማ የሚቆረቆርበትን የኮምፒውተር ጨዋታ ልሥራ ብሎ ሲነሣ ዓይኑ አስቀድሞ መርከቡን ያያል። ከመርከቡ ቀጥሎ መድፉን፣ ከመድፉ ቀጥሎ ጠላቱን። ሰፋሪው ምን በልቶ ያድራል የሚለው ጥያቄ መጨረሻ ላይ ይመጣል። ዛሬ የማነሣቸው ሰው ግን መድፉንም ጠላቱንም ትተው በቅሎዋን አስቀደሙ። ከበቅሎዋ ወደ ማሳው፣ ከማሳው ወደ ገበያው ሄዱ። እዚያ ገበያ ውስጥ የደነገጉት ሕግ እስከ ዛሬ ያስደንቀኛል። ላካፍላችሁ የፈለግሁትም እሱን ነው።

ቡንተን ይባላሉ። በዚያ ዘመን ስማቸው ዳን ቡንተን ነበር፤ ከ1992 ጀምሮ በሴትነት ኖረው ዳኒዬል ቡንተን ቤሪ በሚለው ስም ታወቁ። እኔ በአንቱታ ቡንተን እያልኩ እቀጥላለሁ።

ቡንተን ከስድስት ልጆች የመጀመሪያው ነበሩ። ቤቱ ገንዘብ የተትረፈረፈበት አልነበረም። ያ ቤተሰብ ተሰብስቦ በሰላም የሚቀመጠው ጠረጴዛ ከብቦ ጨዋታ ሲጫወት ብቻ እንደነበር ቡንተን ኋላ ተናግረዋል። ይህችን ነገር ልብ በሏት። አንድ ልጅ እናቱና አባቱ፣ ወንድሞቹና እህቶቹ ፊት ለፊት ተያይተው የሚስቁበትን ሰዓት ይጠብቃል፤ ያንን ሰዓት የሚያመጣው ደግሞ በካርቶን ላይ የተጻፈ ሕግ ነው። ልጁ ሲያድግ እንዲህ ዓይነት ሕግ መጻፍ ቢመኝ ምን ይገርማል!

አደጉ፤ ዩኒቨርሲቲ ገቡ። እየተማሩም የብስክሌት ሱቅ ከፈቱ። በ1974 በኢንዱስትሪ ምሕንድስና ተመረቁና በአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን ሥር የከተማ ሞዴል መሥራት ጀመሩ። የከተማ ሞዴል ማለት ከተማን በቁጥር መሳል ነው፦ ሰው ሲበዛ መንገዱ ምን ይሆናል? መንገዱ ሲጨናነቅ ሱቁ የት ይሄዳል? ሱቁ ሲርቅ ኪራዩ ይወርዳል ወይስ ይወጣል? አንዱን ክር ስትስቡት ሌላው ሲንቀሳቀስ ታያላችሁ። ቡንተን ይህን ክር ቀን ቀን ለሥራ ሳቡት፤ ማታ ማታ ደግሞ ለጨዋታ።

በ1978 የመጀመሪያ ጨዋታቸው ወጣ፤ «ዊለር ዲለርስ» ይባላል። አክሲዮን በጨረታ የሚገዛበትና የሚሸጥበት ጨዋታ ነው። ቡንተን ሰዎች ተራ እየጠበቁ ሳይሆን በአንድ ጊዜ እየተሻሙ እንዲጫረቱ ፈለጉ። የዘመኑ አፕል ኮምፒውተር ለዚህ አይመችም ነበርና አራት ሰው በአንድ ጊዜ የሚጫንበት ልዩ መሣሪያ ከጨዋታው ጋር አብሮ እንዲሸጥ አደረጉ። ዋጋው 35 ዶላር ሆነ። የተሸጠው 50 ብቻ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ጨረታውን ረግሞ ይተወው ነበር። ቡንተን ግን ይዘውት ቆዩ።

ከዚያ በ1981 ስለ ፋብሪካና ስለ ገበያ ውድድር ሌላ ጨዋታ ሠሩ። ያ ጨዋታ በአንድ ሰው ዓይን ገባ፤ ትሪፕ ሃውኪንስ ይባላሉ። በ1982 ኤሌክትሮኒክ አርትስን የመሠረቱት ናቸው። ጨዋታውን ከቀድሞው አሳታሚ ለመግዛት ጠየቁ፤ አሳታሚው እምቢ አለ። ሃውኪንስም ወደ ቡንተን ተመልሰው አዲስ ጨዋታ እንዲሠሩ ጠየቁ። ቡንተን ወንድማቸውን ቢል ቡንተንን፣ ጂም ረሺንግንና አለን ዋትሰንን ይዘው ኦዛርክ ሶፍትስኬፕ የሚባል ቡድን በሊትል ሮክ አቋቋሙ። አራት ሆነው፣ ለአራት ተጫዋች የሚሆን ዓለም ሊሠሩ ተቀመጡ።

በቅሎን «አባትሽ ማነው?» ቢሏት «እናቴ ፈረስ ናት» አለች ይባላል። ይህችኛዋ በቅሎ ግን ዘሯን አትደብቅም። በአንድ ወገን የሞኖፖሊ ልጅ ናት፦ መሬት መያዝ፣ መሬቱን ማልማት፣ ከሌላው ቀድሞ መክበር። በሌላ ወገን የዚያ 50 ብቻ የተሸጠው ጨረታ ልጅ ናት። ሁለቱ ተዳቀሉና በሁለቱም ቤት ያልነበረ ጉልበት ያላት ፍጥረት ወጣች። ሲሠሩት ጨዋታውን «የፕላኔት አቅኚዎች» ይሉት ነበር፤ ሊወጣ ሲል ግን በበቅሎዋ ስም ተጠራ፦ «ሚዩል»። በእንግሊዝኛ በቅሎ ማለት ነው፤ በጨዋታው ውስጥ ግን በቅሎዋ ማሽን ናት፤ ፊደሎቹም «ለብዙ አገልግሎት የሚውል የጉልበት አካል» ለሚል ሐረግ አጭር መጠሪያ ናቸው። የተሠራው አታሪ ለተባለው ኮምፒውተር ነበር፤ አታሪን በላቲን ፊደል ከኋላ ወደ ፊት ብታነቡት ኢራታ ይሆናል። ፕላኔቷ ስሟን ያገኘችው እንዲህ ነው። አታሪውም የተመረጠው በከንቱ አይደለም፤ አራት ጆይስቲክ የሚሰካበት ቀዳዳ ነበረው። በ1978 ከጨዋታው ጋር መሸጥ የነበረበት መሣሪያ አሁን ኮምፒውተሩ ላይ ተሠርቶ ጠበቃቸው።

እንግዲህ ኢራታ ላይ እንውረድ።

መሬቱ ወደ ጎን ዘጠኝ፣ ወደ ታች አምስት ሆኖ ተሸንሽኗል፤ በድምሩ 45 ቁራጭ ነው። መሐል ላይ ያለችው አንዲት ቁራጭ ከተማዋ ናት። የተቀሩት 44ቱ ባለቤት ይጠብቃሉ። መሐሉን ወንዝ ሰንጥቆት ያልፋል፤ ግራና ቀኙ ሜዳ ነው፤ እዚህም እዚያም ተራራ አለ። ወንዙ ዳር ምግብ ይበቅላል። ሜዳው ላይ ኃይል ይመረታል። ተራራው ውስጥ ስሚዞር የሚባል የብረት ድንጋይ አለ። ክሪስታይት የሚባለው ውድ ማዕድን ደግሞ ተደብቋል፤ አፈሩን ዘግኖ ወደ ከተማ ወስዶ ያላስመረመረ የት እንዳለ አያውቅም።

ከተማዋ ትንሽ ናት። የበቅሎ በረት አላት፤ በቅሎዋ ለሥራ የምትታጠቅባቸው ሱቆች አሏት፤ የማዕድን መመርመሪያና የመሬት ጽሕፈት ቤት አላት፤ አንድ መጠጥ ቤትም አለ። አራቱም ሰፋሪዎች ይህችኑ አንድ ከተማ ይጋራሉ። ለየራሳቸው ከተማ አልተሰጣቸውም። ይህ ቀላል ሊመስላችሁ ይችላል፤ ነገር ግን የቡንተን ሕግ የመጀመሪያ ማዕዘን ይህ ነው። ሱቁ አንድ ከሆነ ዋጋው አንድ ነው፤ ዋጋው አንድ ከሆነ ደግሞ የአንዱ ስስት ሁሉንም ይነካል።

ጨዋታው 12 ወር ነው። በየወሩ መባቻ መሬት ይታደላል፤ አንድ ምልክት በመሬቱ ላይ እየዘለለ ሲያልፍ ቀድሞ ቁልፉን የተጫነ ይወስዳል። ሁለት ሰው እኩል ቢጫንስ? መሬቱ ለድሃው ይሆናል! ቡንተን እንዲህ ብለው ደነገጉ። በገበያም እንዲሁ ነው፤ እኩል የደረሱ ሁለት ሰዎች ቢኖሩ ወደ ኋላ የቀረው ይቀድማል።

ከዚያ የሥራው ተራ ይመጣል። ተጫዋቹ ከተማ ገብቶ በቅሎ ይገዛል፤ መነሻ ዋጋዋ 100 ነው። ለምግብ ሊያስታጥቃት ከፈለገ 25፣ ለኃይል 50፣ ለስሚዞር 75፣ ለክሪስታይት 100 ይከፍላል። ከዚያ እየሳባት ይወጣል። መንገዱ ራሱ ዋጋ አለው፤ ተራራና ወንዝ እርምጃን ያዘገያሉ፤ ሰዓቱ ደግሞ እየነጎደ ነው። ከከተማ የራቀ መሬት የያዘ በቅሎው ማሳው ሳትደርስ ሊመሽበት ይችላል። ማሳው ላይ ደርሶም እዚያ ያለችውን ትንሽ ቤት አነጣጥሮ ካላገኘ በቅሎዋ በርግጋ ታመልጠዋለች፤ ከገንዘቡም ከጊዜውም ይወጣል። ሥራውን ጨርሶ ጊዜ የተረፈው መጠጥ ቤት ጎራ ብሎ ዕድሉን ይሞክራል፤ ወይም ተራራ ላይ ብልጭ የሚለውን ዋምፐስ የተባለ አውሬ አሳድዶ ሽልማት ያገኛል።

አሁን ጆሮአችሁን ስጡኝ፤ የነገሩ እምብርት እዚህ ነው።

ጊዜው ከየት ይመጣል? ከምግብ ነው። በቂ ምግብ ያለው ሰፋሪ ተራው ረጅም ነው፤ ምግብ ያነሰው ተራው ያጥርበታል፤ ወራቱ እየገፉ ሲሄዱም የሚያስፈልገው ምግብ ይጨምራል። የተራበ ሰው ቀኑ ያጥራል ማለት ነው። ይህን የሚሰማ ምጣኔ ሀብት ያልተማረ ሰው እንኳ እውነትነቱ በአጥንቱ ይገባዋል።

በቅሎዎቹስ በምን ይሠራሉ? በኃይል ነው። ኃይል ያልደረሳት በቅሎ ማሳው ላይ ቆማ ትውላለች። በቅሎስ ከምን ትሠራለች? ከስሚዞር። ተራራው ካልተቆፈረ ሱቁ አዲስ በቅሎ አይሠራም፤ በረቱ ሲራቆት ዋጋዋ ይሰቀላል፤ ኋላም በገንዘብም አትገኝም። ክሪስታይቱስ? እሱ አይበላም፣ አይነድድም፣ በቅሎም አይሆንም። ወደ ውጭ ይሸጣል፤ ዋጋውም ከ50 እስከ 150 እንደ ዕጣ ይወጣል ይወርዳል። ያከብራል፤ ግን ሁሉም ክሪስታይት እቆፍራለሁ ቢል ሁሉም ይራባል።

አያችሁ ክሩን? ምግብ ጊዜ ነው። ኃይል ሥራ ነው። ስሚዞር ነገ ነው። ክሪስታይት ሀብት ነው። አራት ነገር፣ አራት ሰው፤ ማንም ብቻውን አራቱንም አሟልቶ መያዝ ያቅተዋል። የሚያቅተው ስለተከለከለ አይደለም። ቡንተን ሌላ ሁለት ሕግ ስለጨመሩ ነው፦ ጎን ለጎን ያሉ ማሳዎችን በአንድ ዓይነት ምርት የያዘ ትርፍ ያገኛል፤ አንድ ዓይነት ማሳ ሦስት የደረሰለትም እንዲሁ ሌላ ትርፍ ያገኛል። ያንኑ ሥራ የደጋገመ እጁ ይፈታል እንደማለት ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ አንዱን ሙያ ይዞ ይጠልቃል። በጠለቀ መጠን ይከብራል፤ በከበረ መጠን ደግሞ ሌሎቹን ይበልጥ ይፈልጋል።

«አከማችቼ እቀመጣለሁ» የሚልም አለ። ለእሱም ሕግ አለው። ከፍጆታ ከተረፈው ምግብ ግማሹ በየወሩ ይበላሻል፤ ከተረፈው ኃይል ሩቡ ይባክናል። ጎተራው ራሱ «ሽጥ፣ ሽጥ» ይላል።

እስቲ አንድ ምሽት እናስብ። አራት ጓደኛሞች ከአንድ ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጠዋል፤ አራት ጆይስቲክ፣ አራት ሽቦ። ሰባተኛው ወር ነው። ሁለቱ ባለፈው ወር የክሪስታይት ዋጋ ሲወጣ አይተው ምግብ የሚያመርቱበትን ማሳ ለማዕድን ለውጠዋል። ሦስተኛው ተራራ ላይ ስሚዞር ይቆፍራል። ወንዙን የያዘችው አራተኛዋ ብቻ ናት። የሱቁ የምግብ መደርደሪያ ባዶ ነው።

ጨረታው ተከፈተ። በዚህ ጨረታ ዋጋ በአፍ አይጠራም፤ በእግር ይሄዳል። ሻጭ ከላይ ይቆማል፣ ገዢ ከታች። ገዢው ወደ ላይ በተራመደ ቁጥር የሚሰጠው ዋጋ ይጨምራል፤ ሻጩ ወደ ታች በወረደ ቁጥር የሚጠይቀው ዋጋ ይቀንሳል። የተገናኙበት ቦታ ዋጋው ነው። ፊት ለፊት እንደቆሙ ዕቃው አንድ አንድ እያለ ይሻገራል፤ አንዱ ወደ ኋላ ሲል ይቋረጣል። ሁሉም በአንድ ጊዜ ይንቀሳቀሳል፤ ሰዓቱ ይቆጥራል።

ሴትየዋ ከላይ ቆማለች። ሦስቱ ከታች ናቸው።

«ኧረ ውረጂ!» ይላል አንዱ።

«እናንተ ውጡ!» ትላለች።

ሦስቱ አንድ እርምጃ ወጡ። እሷ ፍንክች አላለችም። አንደኛው ባለ ክሪስታይት ገንዘብ አለውና ሁለት እርምጃ ጨመረ። ሰዓቱ እያለቀ ነው። ይሄኔ ባለ ስሚዞሩ ከሶፋው ላይ ዞር ብሎ ዓይኗን እያየ እንዲህ አላት፦

«ስሚኝ፤ ዛሬ ካልሸጥሽልኝ በሚመጣው ወር ጊዜ አይበቃኝም። ጊዜ ካልበቃኝ አዲስ በቅሎ ወደ ተራራ አልወስድም። እኔ ካልቆፈርኩ በረቱ ባዶ ነው። ያኔ ለወንዝ ማሳሽ የምትገዢው በቅሎ ከየት ይመጣል?»

ዝም አለች። ሕጉ አያስገድዳትም፤ ቆማ ብትቀር ምግቡ ግማሹ ይበላሻል እንጂ የሚቀጣት ዳኛ የለም። ደግሞም ቆማ ብታስርባቸው በገንዘብ ልትበልጣቸው ትችላለች። ነገር ግን የተናገረው እውነት ነው፤ እሷም ታውቃለች። ሁለት እርምጃ ወረደች። ተገናኙ። ምግቡ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ ተሻገረ።

ይህን ንግግር ቡንተን አልጻፉትም። በጨዋታው ውስጥ ተጫዋቾች ለመለማመን የሚመርጡት ዓረፍተ ነገር፣ «ተደራደር» የሚል ቁልፍ የለም። ቡንተን የጻፉት የምግቡን፣ የኃይሉን፣ የስሚዞሩን ሕግ ብቻ ነው። ንግግሩን ሕጉ ወለደው። ለእኔ የዚህ ሥራ ታላቅነት እዚህ ላይ ነው፦ ጥሩ የምጣኔ ሀብት ሕግ ሰው ለሰው የሚናገረው ነገር እንዲኖረው ያደርጋል።

ሌላም አለ። በየወሩ መልካምም ክፉም ዕጣ ይወርዳል፤ ተባይ ማሳ ይበላል፣ የጠፈር ወንበዴ ማዕድን ይዘርፋል፣ ሱቁ ይቃጠላል። ከእነዚህ መካከል በሰው በሰው የሚደርሰው ዕጣ ግን ሚዛን አለው፤ መሪው መልካም ዕጣ አይደርሰውም፤ መጨረሻ ላይ ያለው ክፉ ዕጣ አያገኘውም። ድሃው ገና በአራተኛው ወር ተስፋ ቆርጦ ጆይስቲኩን ቢያስቀምጥ ጨዋታው ለሦስቱም ያበቃል። እንደገባኝ ቡንተን ይህን የተማሩት በዚያ በልጅነት ጠረጴዛ ነው፤ ታናሽ ወንድም እያለቀሰ የሚነሣበት ጨዋታ ቤተሰቡን መልሶ ይበትነዋል።

በ12ኛው ወር መጨረሻ ሰፋሪዎቹን ያወረደው መርከብ ይመለሳል። የእያንዳንዱ ገንዘብ፣ መሬትና ዕቃ ይቆጠራል፤ አንደኛው ይታወቃል። ጉዳዩ ግን በዚህ አይዘጋም። ሰፈራው በጠቅላላው ይመዘናል። ሦስቱን አስርቦ አንደኛ የወጣ ሰው፣ የሰፈራው ድምር ሲያንስ፣ የከሸፈ ሰፈራ አንደኛ ሆኖ ይቀራል። አንድ ጨዋታ ሁለት ጥያቄ ጠየቃችሁ ማለት ነው፦ ማን በለጠ? አብራችሁስ ምን አቆማችሁ?

ጨዋታው ሲወጣ ያወቁት ወደዱት፤ ገበያው ግን እንደታሰበው አልሆነም። የተሸጠው ወደ 30,000 ገደማ ነው። ዓመታት አለፉ፤ ጆይስቲኩ ተለወጠ፣ ስክሪኑ ተለወጠ። በ1990ዎቹ ለአዲስ መጫወቻ መሣሪያ እንደገና ሊሠራ ታሰበ። ያን ጊዜ አንድ ጥያቄ መጣ፤ ጠመንጃና ቦምብ ይጨመርበት። ቡንተን የጦርነት ጨዋታ አልሠራም የሚሉ ሰው አልነበሩም፤ «ኮማንድ ኤች ኪው»ን በ1990፣ «ግሎባል ኮንክዌስት»ን በ1992 ሠርተዋል። ለኢራታ ግን እምቢ አሉ። ሥራውም ቀረ።

ለምን እምቢ አሉ? እኔ እንዲህ እረዳዋለሁ። ኢራታ ላይ ቦምብ ብታስገቡ ክሩ ይበጠሳል። ያቺ ሴት ከላይ ቆማ ምግቡን ስትከለክል፣ ባለ ስሚዞሩ ዓይኗን አይቶ አይናገርም፤ ማሳዋን ይመታል። ጎረቤት የሚያስፈልግ ሰው መሆኑ ቀርቶ የሚወገድ ዕንቅፋት ይሆናል። ጦርነት በራሱ ጨዋታ ውስጥ ቦታ ሊኖረው ይችላል፤ እዚህ ግን አንድ ተኩስ የአራቱን ዕቃ ሕግ በሙሉ ዋጋ ቢስ ያደርገዋል። ስለዚህ ቡንተን በቅሎዋን ያለ ጠመንጃ ተዉአት።

በ1998 የጌም ሠሪዎች ማኅበር የዕድሜ ልክ አስተዋጽኦ ሽልማት ሰጣቸው። በዚያው ዓመት በጁላይ ወር በሳንባ ካንሰር ዐረፉ፤ 49 ዓመታቸው ነበር። ሰው ሊሞት ሲል «ከኮምፒውተሬ ጋር ብቻዬን ብዙ ጊዜ ባሳለፍኩ ኖሮ» ብሎ እንደማይቆጭ ይናገሩ እንደነበር ይታወሳል። በ2000 ጌም ሠሪው ዊል ራይት «ዘ ሲምስ»ን ሲያወጡ ለቡንተን መታሰቢያ አደረጉት፤ በሚሊዮኖች ቤት የገባ ጨዋታ 30,000 ብቻ ለተሸጠው አጎነበሰ። በ2007 ስማቸው በጌም ሠሪዎች የክብር መዝገብ ላይ ሰፈረ።

ዛሬ የሕዋ ከተማ ሕግ የምትጽፉ ልጆች ካላችሁ አንድ አደራ አለኝ። ሕንፃው ስንት ብረት ይፈጃል፣ ማዕድኑ በሰዓት ስንት ይወጣል የሚለው ሠንጠረዥ ያስፈልጋል፤ ሥሩት። ከዚያ በፊት ግን በወረቀት ላይ አራት ሰው ሳሉ። ከእያንዳንዱ ወደ ሌላው መስመር ስቡና ጠይቁ፦ ይህ ሰው ያለዚያኛው ማደር ይችላል? ከቻለ ሕጋችሁ ገና አላለቀም። አንዱ ያለው ለሌላው የሚያስፈልግ ሲሆን፣ የቀረው ደግሞ የሚደርስበት መንገድ ሲኖረው፣ ከተማችሁ ይተነፍሳል።

እኔ ስለ ሕዋ ከተማ ሳስብ የሚታየኝ የመስታወት ግንብ አይደለም። አንድ ክፍል ይታየኛል፤ ሰዓት ይቆጥራል፤ አንዱ ከላይ ይወርዳል፣ ሌላው ከታች ይወጣል። ውጭ በጨለማው ሜዳ ላይ አንዲት በቅሎ ቆማ ትጠብቃለች። ከተገናኙ ነገ ትሠራለች።